ጠዋት የለም፣ ማታ ይወጣል

ጥያቄ፦ «41 ዓመቴ ነው። አራት ልጆች በምጥ ወልጃለሁ፤ የመጨረሻው ሲወለድ 4 ኪሎ ከ200 ግራም ነበር፣ አሁን ስድስት ዓመት ሆኖታል። የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እንጀራ እየጋገርኩ ለሱቆችና ለሁለት ምግብ ቤቶች አስረክባለሁ። ከዓመት ወዲህ ከሰዓት በኋላ ታች ይከብደኛል፣ ወደ መሬት የሚጎትተኝ ነገር አለ። ስታጠብ እንቁላል የሚያህል ለስላሳ ነገር እጄን ይነካኛል። አያምም። ስተኛ ይገባል። ሽንቴን ሸንቼ ስነሳ ወዲያው እንደገና ይመጣብኛል። አንድ ቀን ጠዋት ክሊኒክ ሄጄ አስተኝተው አዩኝና ‹ምንም የለሽም› ብለው የሚቀባ መድኃኒት ሰጡኝ። ጎረቤቴ ካንሰር ነው ትላለች። አማቴ ወጌሻ ያሽሽ ትለኛለች። አንዷ ደግሞ ማህፀንሽን አውጥተው ይጥሉታል አለችኝ። ለባለቤቴ አልነገርኩትም፤ ሰበብ እየፈለግኩ እርቀዋለሁ። ካንሰር ነው? ማህፀኔን ያወጡታል? ሥራዬንስ መተው አለብኝ?»

መልስ፦ እህታችን፣ ጎረቤትዎ ካሉት እንጀምር፤ እንቅልፍ የነሳዎት እሱ ሳይሆን አይቀርም። ካንሰር ተኝተው ሲያድሩ ገብቶ፣ ሲሠሩ ውለው የሚወጣ ነገር አይደለም። ለስላሳ፣ የማያምም፣ ጠዋት የሌለ፣ ማታ የሚመጣ እብጠት በምጥ ከወለደች ሴት ሲሰማ፣ በአብዛኛው የማህፀን መውጣት ወይም መንሸራተት የሚባለው ችግር ነው። ብዙ ሴቶች አለባቸው። ከገላ መታጠቢያ በር ውጭ የሚያወሩት ግን ጥቂቶች ናቸው። ያም ሆኖ እርስዎ ዕድሜዎ ከ30 እስከ 49 ባለው ውስጥ ስለሆነ፣ በመንግሥት ጤና ጣቢያ የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ሊደረግልዎ ይገባል። ይህ ከእብጠቱ ጋር የተያያዘ አይደለም፤ ማንኛዋም የእርስዎ እኩያ ልታደርገው የሚገባ ነው። አንድ ጊዜ ከሄዱ አይቀር ሁለቱንም በአንድ ቀን ያስጨርሱ።

«ምንም የለሽም» ወደተባለው እንለፍ፤ ዓመት ሙሉ ያንከራተተዎት ይህ ቃል ነው። ሌሊቱን ተኝታ ያደረች ሴት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አልጋ ላይ በጀርባዋ ስትንጋለል፣ ማታ እስከ ደጅ የወረደው ነገር ወደ ቦታው ተመልሷል። በዚያ ላይ ስፔኩለም የሚባለው የመመርመሪያ መሣሪያ ሲገባ ግድግዳውን ይዞ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። መርማሪው «አምጪ» ወይም «ሳል አድርጊ» ካላለዎት ምንም አይታየውም። ስለዚህ ቀጠሮ ሲይዙ ከሰዓት በኋላ ይሁን፤ ጋግረው ውለው፣ ደረጃ ወጥተው ወርደው ይሂዱ። ገብተው ሲቀመጡ እንዲህ ይበሉ፦ «ማታ ማታ ከብልቴ የሚወጣ ነገር አለ። እያማጥኩ እዩልኝ፣ ተኝቼ ካልታየ ቆሜ እዩልኝ።» ቆሞ መመርመር እንግዳ ነገር አይደለም፤ አንድ እግር ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ አድርገው ሲያስሉ ይታያል። በዕለቱ አልወጣ ይላል ብለው ከሰጉ፣ ማታ ሲወጣ በስልክዎ ፎቶ አንስተው ለመርማሪው ብቻ ማሳየትና ማጥፋት ይችላሉ። ነውር የለበትም። ከብዙ ቃል ይልቅ ይረዳል።

አሁን ምን እንደወጣ እንይ። እኛ ሁሉንም «ማህፀን ወጣ» እንለዋለን፤ የሚወጣው ግን ሁልጊዜ ማህፀን አይደለም። የጠፍር አልጋ ያውቁ ይሆናል። ጠፍሩ በአራቱም ማዕዘን ተወጥሮ ሸክሙን ይይዛል፤ ሲረግብ መሃሉ ይጎደጉዳል፣ የላዩ ሁሉ ወደ መሃል ይንሸራተታል። ከፊት ከብልት አጥንት እስከ ጭራ አጥንት ድረስ ተወጥሮ የሽንት ፊኛን፣ ማህፀንንና የሰገራን አንጀት የሚይዝ እንዲህ ያለ ጡንቻ አለ። ከላይ ደግሞ ማህፀንን ወደ ጎንና ወደ ኋላ ጎትተው የሚያንጠለጥሉ ጅማቶች አሉ። በምጥ ጊዜ የልጅ ጭንቅላት በዚያ ጠፍር መሃል ሲያልፍ ጡንቻው እስኪሳሳ ይለጠጣል፤ አንዳንዴም ከአጥንቱ ይላቀቃል። ምጥ ሲረዝም፣ ልጁ ትልቅ ሲሆን፣ በመሣሪያ ሲጎተት ጉዳቱ ይበልጣል። ከዚያ በኋላ ዓመታት ያልፋሉ፤ ሸክም፣ ሳል፣ ድርቀት፣ በመጨረሻም ማረጥ ይጨመርበታል። የእርስዎ ስድስት ዓመት ቆይቶ መምጣቱ በዚህ ምክንያት ነው። ባለፈው ሳምንት ያነሱት አንድ ጀሪካን ያመጣው አይደለም።

ከሦስት አንዱ ሊወርድ ይችላል፤ ሁለቱ ወይም ሦስቱ አብረው የሚወርዱበትም ጊዜ ብዙ ነው። የፊተኛው የብልት ግድግዳ ከሆነ ከፊቱ ያለው የሽንት ፊኛ አብሮ ይወርዳል፤ ሽንት ይንጠባጠባል፣ ቶሎ ይመጣል፣ ወይም ተሸንቶ አያልቅም። የኋለኛው ግድግዳ ከሆነ አንጀቱ ወደ ፊት ይገፋል፤ ሰገራ መጥቶ እዚያው ይቀራል፣ አንዳንዷ በጣቷ ካልገፋች አይወጣላትም። ከላይ የሚወርደው ማህፀኑ ራሱ ከሆነ ጠንከር ያለ፣ መሃሉ ላይ ጎድጓዳ ያለው የማህፀን በር በጣት ይነካል። እርስዎ ለስላሳ ነው፣ ሸንቼ ስነሳ ይመጣብኛል ያሉት የፊተኛውን ግድግዳ ያስጠረጥራል። ልብ ይበሉ፤ ይህ ከሆነ «ማህፀንሽን አውጥተው ይጥሉታል» ያለችዎት ሴት ያልወደቀውን ነው የወነጀለችው።

መርማሪው መጠኑን በደረጃ ይነግርዎታል። የሚለካው ከብልት በር አንጻር ሲያምጡ ነው፦ ከበሩ በላይ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ርቆ ውስጥ ከቀረ አንደኛ ደረጃ፣ ከበሩ ወደ ላይም ወደ ታችም በ1 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ከሆነ ሁለተኛ፣ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ወደ ውጭ ከወጣ ሦስተኛ፣ ሙሉ በሙሉ ከተገለበጠ አራተኛ። ደረጃው የሕክምናውን ዓይነት ብቻውን አይወስንም። ሁለተኛ ደረጃ ሆኖ ምንም ያልተሰማት ሴት ምንም ባይደረግላት ችግር የለም፤ እርስዎን የመሰለች፣ ሥራዋንና ትዳሯን የነካባት ግን መታከም አለባት። ስለዚህ ሲመረመሩ «ስንተኛ ደረጃ ነው?» ብቻ ሳይሆን «የትኛው ግድግዳ ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱን በካርድዎ ላይ ያጽፉት። ሽንትዎ ይመርመር። ከሸኑ በኋላ ፊኛ ውስጥ የሚቀረውን ሽንት በአልትራሳውንድ እንዲያዩልዎም ይጠይቁ።

ሥራዎን አይተዉም። አሠራሩን ግን ዛሬ መለወጥ ይጀምሩ፤ ከጽሑፋችን አንድ ነገር ብቻ የሚያደርጉ ከሆነ ይህን ያድርጉ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሕንጻ ላይ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። ያንን ይዘው ሦስተኛ ፎቅ ሲወጡ ትንፋሽዎን በየደረጃው ይይዛሉ፣ ሆድዎ ይወጠራል፣ ግፊቱ ሁሉ በረገበው ጠፍር ላይ ይወርዳል። ባለ 5 ሊትር ጀሪካኖች ይግዙ፤ በእያንዳንዱ እጅ አንድ፣ ከዚያ በላይ አይያዙ። ቁጥሩ ስለሚበዛ ደረጃውን ደጋግመው ይመላለሳሉ፤ ምልልሱ ጉልበት ቢጨርስም ታች አይጎዳም። የሚሸከም ልጅ ወይም የሚከፈለው ሰው ካለ፣ ወጪው ከኋላ ከሚመጣው የሕክምና ወጪ ያንሳል።

ሊጡን ይመልከቱት። ቡሃቃው ወይም ባልዲው ሞልቶ መሬት ላይ ያድራል፤ ጠዋት ጎንበስ ብለው፣ እጅዎን ዘርግተው፣ ጉልበትዎ ሳይታጠፍ ወደ ምጣዱ ያነሡታል። እጅ ተዘርግቶ የሚነሣ 15 ኪሎ ከሰውነት ጋር ተጣብቆ ከሚነሣው ይልቅ እጅግ ይከብዳል። ሊጡን ከመጀመሪያው በሁለት ወይም በሦስት ትንንሽ ዕቃ ያቡኩት፤ ዕቃዎቹም መሬት ላይ ሳይሆን ወገብዎ ከፍታ ላይ ባለ ጠረጴዛ ላይ ይደሩ። ምጣዱም እንዲሁ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ቆመው ይጋግራሉ፣ ዱካ ላይ አጎንብሰው አይውሉም። ማንሣት ግድ ሲሆን ዕቃውን ሆድዎ ድረስ ያስጠጉ፣ ጉልበትዎን ይጠፉ፣ ታችኛውን ጡንቻ አስቀድመው ይጨምድዱ (እንዴት እንደሚደረግ ቀጥሎ እንነግርዎታለን)፣ ከዚያ ትንፋሽዎን እያወጡ ይነሡ። መቀነትዎን ጠበቅ አድርገው አሥረው የሚጋግሩ ከሆነ ይፍቱት፤ ሆድ ላይ ጠብቆ የታሠረ ነገር ግፊቱን ወደ ታች ይሰደዋል። ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲያልቅ ለ20 ደቂቃ በጀርባዎ ይተኙ፤ ዳሌዎ ሥር ትራስ ያድርጉ። በዚያች 20 ደቂቃ ውስጥ የወጣው ይገባል፣ ክብደቱም ይቀልልዎታል።

አሁን ወደ ታችኛው ጡንቻ ልምምድ እንለፍ። የአሜሪካው ሐኪም አርኖልድ ኬጌል በ1948 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ነው፤ ኬጌል ሲባል የሚሰሙት ይህ ነው። አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ላይ ላሉ ሴቶች ስሜቱን በደንብ ያቀልላል። ለሦስተኛና ለአራተኛ ግን የወጣውን መልሶ ይሰቅላል ብለን አንዋሽዎትም። ፊኛዎን ባዶ ያድርጉ። በጀርባዎ ይተኙ፣ ጉልበትዎን ይጠፉ። ሰው መሃል ሳሉ ፈስ እንዳያመልጥዎ እንደሚይዙት አድርገው ፊንጢጣዎን ይጨምድዱ፤ ያንኑ ጭምደዳ ወደ ፊት፣ ሽንት እንደሚይዙት አድርገው ያምጡትና ሁሉንም ወደ ውስጥና ወደ ላይ ይሳቡት። ትክክል ከሆነ መቀመጫዎ አይጨመደድም፣ ጭንዎ አይጠብቅም፣ ትንፋሽዎ አይያዝም። ጮክ ብለው እስከ አምስት መቁጠር ከቻሉ ትንፋሽዎን አልያዙም ማለት ነው።

መሳሳቱ ብዙ ነው፤ ዋናው ስሕተት ደግሞ ተቃራኒውን ማድረግ ነው። ብዙ ሴት «ጨምድጂ» ስትባል ታምጣለች፤ ያ ችግሩን ያብሳል። ለማረጋገጥ እጅዎን ታጥበው አንድ ጣት ወደ ብልትዎ ያስገቡ፦ ሲጨመድዱ ጣትዎ ተይዞ ወደ ውስጥ ቢሳብ ልክ ነው፤ ወደ ውጭ ቢገፋ እያማጡ ነው፣ ያቁሙ፣ አዋላጅ ነርስ ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ታሳይዎት። ሌላው ስሕተት ሽንት እየወረደ ሳለ ማቋረጥን የየዕለት ልምምድ ማድረግ ነው፤ ፊኛው በደንብ እንዳይወጣ ያስለምደዋል። ጡንቻውን ለማወቅ አንድ ጊዜ ከሞከሩት በኋላ ይተዉት።

መጠኑ እንዲህ ነው፦ ጨምድደው ለ3 ሰከንድ ይያዙ፣ ለ3 ሰከንድ ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ። ስምንት ጊዜ ይደጋግሙ። በቀን ሦስት ጊዜ፦ ጠዋት ሳይነሡ፣ ከሰዓት ሲያርፉ፣ ማታ ሲተኙ። በየሳምንቱ አንድ አንድ ሰከንድ እየጨመሩ እስከ 10 ሰከንድ ይድረሱ። ማብቂያው ላይ አምስት ያህል ፈጣን ጭምደዳ ይጨምሩ። ተኝተው ሲለምዱት ተቀምጠው፣ ኋላም ቆመው ያድርጉት። ቢያንስ ለ16 ሳምንት ሳያቋርጡ ይሥሩ፤ በሁለተኛው ሳምንት ለውጥ ካላዩ ተስፋ አይቁረጡ፣ ጡንቻ በሁለት ሳምንት አይገነባም። ከሳል፣ ከማስነጠስና ከማንሣት በፊት መጨምደድ ልማድዎ ይሁን።

ሽንት ቤት ላይ የሚደረገው ልምምዱን ያህል ዋጋ አለው። ቁጢጥ ማለቱ ጥፋት የለውም፤ ሰገራ እንዲወጣ ይረዳል። ጥፋቱ ማማጡ ነው። በመቀመጫ ሽንት ቤት የሚጠቀሙ ከሆነ እግርዎን አነስተኛ በርጩማ ላይ ያድርጉ፣ ወደ ፊት ዘንበል ይበሉ፣ ሆድዎን ያላሉ፣ አፍዎን ከፈት አድርገው ይተንፍሱ። ሰገራ ካልመጣ ተነሥተው ይሂዱ፤ ቁጭ ብሎ ማማጥ ምንም አያመጣም። ሽንትዎን ሸንተው ከተነሡ በኋላ የሚመጣብዎት ነገር ሲኖር ደግሞ ጥቂት ቆም ብለው፣ ተራምደው፣ እንደገና ተቀምጠው ወደ ፊት ያዘንብሉና ቀሪውን ይሽኑ። የወጣውን በታጠበ ጣት ቀስ ብለው ወደ ውስጥ መልሰው መሽናት ይችላሉ፤ አይጎዳም። ድርቀት ካለብዎት የተፈጨ ተልባ አንድ የሾርባ ማንኪያ በአንድ ብርጭቆ ውኃ በጥብጠው ማታ ይጠጡ፣ ከላዩ ሌላ ብርጭቆ ውኃ ይጨምሩ፤ ያለ ውኃ ተልባ ራሱ ያደርቃል። ጎመን፣ ምስር፣ በሶ ይብዛ። በቀን ከ1.5 እስከ 2 ሊትር ውኃ ያስፈልግዎታል፤ በጾም ወቅት ከፍስክ ቀን ባልተናነሰ ከሰዓት በኋላና ማታ ያሟሉት። ሽንት ቶሎ ቶሎ የሚመጣብዎት ከሆነ ከሁለት ሲኒ ቡና በላይ አይጠጡ፤ አቦሉና ቶናው ይበቃል፣ በረካው ይቅር። ሳል ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየብዎት ሳይውሉ ሳያድሩ ለቲቢም ጭምር ይመርመሩ፤ ሳልዎ እያለ ጡንቻዎን መገንባት ውኃ በወንፊት መቅዳት ነው።

አማትዎ ያሉትን ወጌሻ በአክብሮት ይመልሱ። ሆድ ማሸት የላላ ጅማት አያጠብቅም፤ ተጭኖ ማሸት ደግሞ የባሰ ወደ ታች ይገፋል። ከዚህ የከፋው ወደ ውስጥ የሚጨመረው ነው፦ ጨው፣ ቅጠል፣ አልኮል፣ «ያጠብቃል» የተባለ ማንኛውም ነገር። የብልት ግድግዳ ስስ ነው፤ ይቃጠላል፣ ይቆስላል፣ ሲድን ጠባሳ ይሠራል፣ በኋላ ለሕክምናም ያስቸግራል። ጸበል የሚሄዱ ከሆነ ይሂዱ፣ የሐኪም ቀጠሮዎን ግን አያሳልፉበት። ክሊኒኩ የሰጠዎት የሚቀባ መድኃኒት ኢንፌክሽን ሳይኖር የተሰጠ ከሆነ አይጠቅምዎትም፤ ቱቦውን ይዘው ሄደው ለሚመረምርዎ ያሳዩ።

ከልምምዱ ሌላ ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ፔሳሪ ይባላል፤ ከሲሊኮን የተሠራ ቀለበት ሆኖ ወደ ብልት ገብቶ ግድግዳዎቹን ከውስጥ ደግፎ የሚይዝ ነው። ሐኪሙ ወይም የሠለጠነች ነርስ በጣት ለክታ፣ ቀለበቱን አጥፋ ታስገባዋለች። ልክ የሆነው መጠን ምልክት አለው፦ በቀለበቱና በብልት ግድግዳ መካከል ጣት ያልፋል፣ እርስዎ ግን ውስጥዎ እንዳለ አይሰማዎትም። ከክፍሉ ሳይወጡ ይራመዱ፣ ቁጢጥ ይበሉ፣ ያስሉ፣ በተለይም ሽንትዎን ይሽኑ። ሽንት እምቢ ካለ ቀለበቱ ትልቅ ነው፤ ተንሸራቶ ከወጣ ትንሽ ነው። መጠን እስኪገኝ ሁለት ሦስት ጊዜ መሞከር የተለመደ ነው፣ በመጀመሪያው አይመረሩ። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ተመልሰው ይታያሉ፣ ከዚያ በየሦስት እስከ ስድስት ወሩ። ማውጣትና ማስገባቱን ራስዎ ከተማሩ በለዘብተኛ ሳሙናና በውኃ አጥበው መልሰው ያስገባሉ። ቀለበቱ ውስጥዎ እያለ ግንኙነት ማድረግ ይቻላል። አደጋው አንድ ነው፤ መርሳት። ለዓመታት የተረሳ ፔሳሪ ግድግዳውን እየበላ ያቆስላል፣ አልፎም ወደ ፊኛ ወይም ወደ አንጀት ይበሳል። ስለዚህ የሚቀጥለውን ቀን ስልክዎ ላይ ያስመዝግቡ። ጤና ጣቢያው ላይ ካላገኙት ሪፈር ሲጻፍልዎ ይህንንም ያስጠይቁ። ልጅ ወልጄ አልጨረስኩም ለምትል፣ ኦፕራሲዮን ለምትፈራ፣ ወይም ሌላ ሕመም ላለባት ሴት ከዚህ የተሻለ አማራጭ የለም ብለን እናምናለን። ብዙ ሴት ስለ ፔሳሪ ሳትሰማ በቀጥታ ኦፕራሲዮን ክፍል መግባቷ ያሳዝነናል።

ሁለተኛው ኦፕራሲዮን ነው። «ማህፀኔን ያወጡታል?» ላሉት መልሱ እንዲህ ነው፦ ማህፀን ማውጣት ብቻውን መድኃኒት አይደለም። የፊተኛው ግድግዳ ከወረደ የሚሰፋው እሱ ነው፤ ግድግዳው ሳይሰፋ ማህፀን ብቻ ቢወጣ ፊኛዎ እንደወረደ ይቀራል። ማህፀኑ ራሱ ከወረደ ሁለት መንገድ አለ፦ ማህፀኑን በብልት በኩል አውጥቶ የቀረውን የብልት የላይኛ ጫፍ ከጠንካራ ጅማት ጋር መስፋት፣ ወይም ማህፀኑን ሳያወጡ መስቀል። ከሐኪምዎ ፊት ሲቀመጡ የሚጠይቁትን ጽፈው ይያዙ፤ የትኛው ክፍል ይሰፋል? ጫፉን ከምን ጋር ይሰፉታል? ማህፀኔ ቢቀር ምን ይሆናል? እብጠቱ ሲነሣ ተደብቆ የነበረ የሽንት ማምለጥ ቢገለጥስ? ይህ የመጨረሻው የሚረሳ ጥያቄ ነው፤ የወረደው ፊኛ የሽንት መውጫውን ቆልምሞ ስለሚይዘው፣ ሲቀና ሲያስሉ ሽንት ሊያመልጥ ይችላል። ሰው ሠራሽ መረብ በብልት በኩል ስለመትከል ካነሡብዎት ደግሞ ቆም ብለው ምክንያቱን ይጠይቁ፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለዚህ ችግር በዚያ መንገድ የሚተከለውን መረብ በ2019 እ.ኤ.አ. ከገበያ እንዲወጣ አዟል።

ከኦፕራሲዮን በኋላ የሽንት ቱቦ ለቀን ወይም ለሁለት ቀን ይቀመጣል። ለስድስት ሳምንት ከ5 ኪሎ በላይ አያነሡም፣ ግንኙነትም አያደርጉም። ክሩ እየሟሟ ሲወጣ ለጥቂት ሳምንታት ቡናማ ፈሳሽ ማየትዎ አይግረምዎት። የእርስዎን ዓይነት ሥራ ግን በስድስት ሳምንት አይጀምሩት፤ ሙሉ ጭነቱን እስከ ሦስት ወር ያቆዩት፤ ምግብ ቤቶቹን ቀድመው ያስጠንቅቁ፣ ምትክ የሚጋግር ሰው ያዘጋጁ። የተሰፋው ሊመለስ ይችላል፤ ጀሪካኑ፣ ድርቀቱና ሳሉ እንዳሉ ከቀጠሉ መመለሱ ይበዛል። ልጅ ከፈለጉ መጨረስዎ እስኪረጋገጥ ኦፕራሲዮኑን ያቆዩት፤ ቀጣይ ምጥ ስፌቱን ይፈታዋል።

የት እንደሚሄዱ እንንገርዎ። የመጀመሪያው በር የወረዳዎ ጤና ጣቢያ ነው። የማህበረሰብ ጤና መድን አባል ከሆኑ ያለ ሪፈር ወረቀት በቀጥታ ሆስፒታል መሄድ ወጪውን ከኪስዎ ሊያስወጣዎ ስለሚችል ወረቀቱን ሳይይዙ አይሂዱ። በከተማው መሃል ለሴቶች የቆመው ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ፤ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስም የማህፀን ስፔሻሊስቶች ያሏቸው ትልልቅ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ናቸው። በ1974 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተከፈተው የሐምሊን ፌስቱላ ሆስፒታልም በፌስቱላ ቢታወቅም የማህፀን መውጣትንም ያክማል። ሪፈር የሚጽፍልዎ ሰው «የማህፀን መውጣት» ብሎ ይጻፍ፤ «የብልት ኢንፌክሽን» ተብሎ ከተጻፈ እንደገና ለሚቀባ መድኃኒት ነው የሚላኩት።

ቀጠሮ ሳይጠብቁ የሚሄዱባቸው ምልክቶች አሉ። ሽንት ጨርሶ እምቢ ካለዎት በዕለቱ ይሂዱ። የወጣው ነገር አልገባ ካለ፣ ካበጠና ከጠቆረ በጉልበት አይግፉት፤ እርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ጣል አድርገውበት፣ ዳሌዎን ከፍ አድርገው በጎንዎ ተኝተው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰዱ። ሽንት ተጠራቅሞ ከቆየ ወደ ኩላሊት ተመልሶ ስለሚገፋ፣ የጎን ሕመም ከትኩሳትና ከብርድ ብርድ ጋር ከመጣም እንዲሁ። ልብስ ሲፈትገው ቆስሎ ከደማ ወይም የሚሸት ፈሳሽ ካመጣ በዚያው ሳምንት ይታይ። ወር አበባዎ ከቆመ በኋላ የሚመጣ ማንኛውም ደም፣ ጠብታ እንኳ ቢሆን፣ ከእብጠቱ ነው ተብሎ አይታለፍ። እላይ ካንሰር አይመስልም ያልንዎ ያለዚህ ምልክት ነው።

ባለቤትዎን በተመለከተ፤ ግንኙነት ይህን ችግር አያመጣውም፣ አያብሰውምም። ሲተኙ እብጠቱ ይገባል፣ እሱም አይሰማውም ይሆናል፤ ድርቀት ካለ በውኃ ላይ የተመሠረተ ማለስለሻ ከፋርማሲ መግዛት ይበቃል። እሱን የሚያስጨንቀው እርስዎ መራቅዎ ነው፤ ምክንያቱን ሳያውቅ ሌላ ነገር ሊያስብ ይችላል። ብዙ ማብራራት አይጠበቅብዎትም። «ከመውለድ የተነሣ ታች የረገበ ጡንቻ አለኝ፣ ሲከብደኝ ይወጣል፣ ሐኪም ሊያየው ነው፣ ጀሪካኑን አንተ ብታወጣልኝ» ቢሉት ሁለት ሸክም አብረው ይቀልሉልዎታል። በሚቀጥለው ሳምንት ጋግረው በጨረሱበት ቀን፣ ሳያርፉና ሳይተኙ፣ ከሰዓት ስምንት ሰዓት ግድም ጤና ጣቢያው ይግቡ። ካርድ ክፍል ሰው ቢበዛና ቢያፍሩ «ለማህፀን ምርመራ» ብቻ ይበሉ፤ ዝርዝሩን አዋላጇ ጋ በሩ ከተዘጋ በኋላ ይነግሯታል።